የ66 ቮልስ ለሐረር የሰዓት ራሊ፦ ሞተር ልቀይር ወይስ ያለውን ላስተካክል?

ሰላም ለቤቱ።

ያለችኝ ቮልስ ናት፤ 1300፣ የ66 ሞዴል፣ ሞተሯ ከፋብሪካ የወጣችበት። አሮጌ መኪና ያለን ጥቂት ጓደኛሞች ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአዋሽና በጭሮ አድርገን ሐረር የምንገባበት የሰዓት ራሊ ልንነዳ ተስማምተናል። የሰዓት ራሊ ሲባል እሽቅድምድም የሚመስለው አይጠፋም። አይደለም። መንገዱ በክፍል በክፍል ይቆረጥና ለእያንዳንዱ ክፍል አማካይ ፍጥነት ይወሰንለታል፤ ለምሳሌ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር። ከተባለው ደቂቃ ቀድሞ የደረሰም የዘገየም በሰከንዱ ልክ ይቀጣል። ስለዚህ ከሹፌሩ እኩል፣ እንዲያውም በላይ፣ አጠገቡ ሰዓት ይዞ የሚቀመጠው ሰው ነው ዋናው።

ጥያቄዬ ይኸው። ሶማሌ ተራ አንድ ባለ ሁለት ካርቡራቶር 1600 ሞተር አይቻለሁ። እሱን ልግጠም ወይስ 1300ዋን አስተካክዬ ልውጣ? የመኪናዋ አመል እንዲህ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ካንዴላዋ ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ትታነቃለች። ወደ መተሐራ ስትወርድ ጭሱ ይጠፋና ሙቀቱ ይጀምራል፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል።

(ተጨማሪ፦ የውይይቱ ክር ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው መነሻና መድረሻው እየጠፋበት ነው። ስለዚህ የመልሶቹን ፍሬ ነገር በየቁጥራቸው ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የማንንም ቃል በቀጥታ አልገለበጥኩም፤ የራሴን አስተያየት ግን ጣል ጣል ማድረጌ አልቀረም።)

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት 66 ያልኩት በኛ ነው ወይስ በፈረንጅ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ትልቅ ልዩነት አለው። በፈረንጅ 1966 ከሆነ መኪናዋ 6 ቮልት ናት፣ ቸርኬዋም በ5 ብሎን ይታሰራል። በኛ 1966 ከሆነ በፈረንጅ 1973 ወይም 74 ላይ ትወድቃለች፤ ያኔ 12 ቮልትና 4 ብሎን የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። ሊብሬው ላይ አንዱ ቢሮ በአንዱ አቆጣጠር፣ ሌላው በሌላው እየጻፈ ሰው ቸርኬ ገዝቶ ቤቱ ከደረሰ በኋላ የሚያለቅስበት ጊዜ እንዳለም አክሏል።

መልስ 2። የኔ ነው። በፈረንጅ መሆኑን፣ 6 ቮልትና 5 ብሎን መሆኗን፣ ጉልበቷም በፋብሪካው ልክ 40 ፈረስ መሆኑን ጻፍኩ።

መልስ 3። አንድ ወጣት (አጻጻፉ ወጣት ይመስላል) በትህትና ግን ያለ ማመንታት 1600ውን እንድገጥም መከረ። ምክንያቱ ሚዛን የሚደፋ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ግድም ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኔዋ 40 ፈረስ እዚህ ከ30 ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ሁለት ሰው፣ መለዋወጫና ሻንጣ ጭና ከአዋሽ ወደ ጭሮ፣ ከዚያም ወደ ቁልቢ ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች አማካይ ፍጥነቱን መጠበቅ እንደማትችል ነገረኝ። ከታችም ሞተሩን ከድንጋይ የሚጠብቅ ሙሉ የብረት ሰሌዳ እንዳሳስር ጨመረ።

መልስ 4። ቢሾፍቱ ጋራዥ ያላቸው ጋሼ ገቡ። እዚህ ቤት የቆየ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አጭር ይጽፋሉ፣ ሲቆጡ ደግሞ የበለጠ ያሳጥሩታል። በዚህኛው ግን ረዝመዋል። ስለ ሞተር ምርጫ አንድም ነገር ሳይሉ የጠየቁት ስለ ላሜራና ስለ ጎማ ነበር።

ቮልስ ውሃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ፋኑ የሚነፋው አየር ነው። አየሩ ከኋላ በኩል ባለው ወንፊት ቀዝቃዛ ሆኖ ይገባል፣ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ያልፋል፣ ሞቆ ወደ ታች ይወጣል። የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይሳብ ሞተሩን ዙሪያውን የሚከብቡ ላሜራዎች አሉ፤ በላሜራው ጠርዝና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ ረጅም ጎማ ይዘጋዋል። ሞተር በወረደ ቁጥር ይህ ጎማ ይቀደዳል፣ ላሜራው ይጣመማል፣ አንዳንዱም ጥቅም የለውም ተብሎ ይጣላል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ በብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚተኛ ሰው የራሷን ትኩስ ትንፋሽ መልሳ ትስባለች። ጋሼ እንዳሉት ደንበኛ ሙቀት ብሎ ከሚያመጣላቸው ቮልስ ብዙው ችግሩ ሞተር ውስጥ ሳይሆን እዚህ ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ስለ 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ በስተግራ ፊት ያለው። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ፋኑ ቤት ውስጥ ልክ ከሱ በላይ ስለሚቆም ለሱ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ በዘይቱ የሞቀ ነው። የጭስ ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለውም የሱ ነው። ስለዚህ የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ አድሮ በደንብ ሲቀዘቅዝ ብቻ 0.10 ሚሊ ሜትር ይሆን ዘንድ፣ በተለይ 3ኛው እንዳይጠብቅ አስጠነቀቁ።

የብረት ሰሌዳውን ነገር በአንድ መስመር ጣሉት፦ አየሩ የሚወጣው በታች ነው፣ ታቹ ከተዘጋ ሞተሩ ይቃጠላል። የግድ ካስፈለገ ከዘይት ቋቱ ፊት ብቻ የሚመክት፣ ኋላው ክፍት የሆነ ይሁን።

መልስ 5። የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ እጄን በጠርዙ ዙሪያ አሳለፍኩና ያገኘሁትን ጻፍኩ። በቀኝ በኩል ጎማው አለ፣ ደርቆ እንደ ቋንጣ ተሰነጣጥቋል። በግራ በኩል ጨርሶ የለም፤ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ከዳር እስከ ዳር። አጎንብሼ በባትሪ ሳይ ደግሞ ከሲሊንደሮቹ ሥር አየሩን የሚመሩት ሁለት ላሜራዎች አንዱ ጠፍቷል። የጠፋው በግራ ያለው ነው፤ ያው 3ኛው ሲሊንደር ያለበት።

መልስ 6። አንዱ በጋሼ ሐሳብ ተስማምቶ የራሱን አጫወተን። ፍሪሲዮን ለማስቀየር መኪናውን ለአንድ ጋራዥ ሰጥቶ ሲመለስ ላሜራዎቹ ጥግ ላይ ተከምረው አገኛቸው፤ ሠራተኛው ቮልስ ያለ እነሱ ቀለል እንደምትል ሊያስረዳው ሞከረ። ግን ይኸው ሰው ለመልስ 3ም አንድ ነጥብ ሰጠ። ፋብሪካው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የዘይት ማቀዝቀዣውን ከ3ኛው ሲሊንደር መንገድ ወደ ኋላ አውጥቶ ለብቻው ቤት ሠርቶለታል። ሶማሌ ተራ ያየሁት 1600 ከዚያ ወዲህ የተሠራ ከሆነ በሙቀት በኩል ከኔዋ የተሻለ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ክርክሩ ያልተዘጋውም በሱ ምክንያት ነው።

መልስ 7። ቨርጂኒያ የምትኖር እህት፣ አባቷ ቮልስ ይነዱ እንደነበር አስታውሳ፣ በሻንጣ ይዛ ልትመጣ የምትችለውን ዘረዘረች፦ የሞተር ዙሪያ ጎማ፣ ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳውን) የሚተካ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፣ የሚያብረቀርቅ ክብ የአየር ማጣሪያ። ለማያውቁት ሰው ይህን ያህል መልካምነት።

መልስ 8። እዚህ ላይ ነው ድምፁ መቀየር የጀመረው። አንድ ሰው፣ ሰላምታም ሳያስቀድም፣ የሚያብረቀርቀውን ማጣሪያ ጌጥ ነው አለው፤ ለአቧራ መንገድ ይህን የሚመክር ሰው ቮልስ በፎቶ ብቻ እንደሚያውቅም ጨመረ። አነጋገሩን ባልወደውም ነገሩ ልክ ነው። ፋብሪካው የሰጣት ጥቁር ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ነው፤ አየሩ ወደ ዘይቱ ወርዶ ሲታጠፍ አቧራው ዘይቱ ላይ ይቀራል። ዘይቱን እስከ ቀይ ምልክቱ ሞልቶ፣ አቧራ ከበዛ በየቀኑ ከሥር የተኛውን ጭቃ ጠርጎ አዲስ መጨመር ነው። ወንፊት ብቻ ያላት ትንሿ ማጣሪያ አቧራውን ወደ ሲሊንደር አሳልፋ ፋሻዎቹን በጥቂት ጉዞ ትበላለች።

መልስ 9። የቨርጂኒያዋ እህት መለሰች፤ በጨዋነት፣ ግን እንዳይረሳው አድርጋ። ማጣሪያውን እንደምትተወው፣ ሰውየው ግን ስለ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያው ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀች። ፑንቲና እየተፈገፈገ ክፍተቱ ይቀንሳል፣ የማቀጣጠያው ሰዓትም ይዛባል፤ ኤሌክትሮኒኩ ይህ የለበትም። ለ6 ቮልት የተሠራም አለ። እኔ የምጨምረው፦ አዋሽ ሜዳ ላይ ቢቃጠል የሚጠግነው ስለሌለ ፑንቲናና ኮንደንሰር በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ግድ ነው። ያኔ በአንዲት ካቻቢቴ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ ክፍተቱ ሲገጠም 0.4 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። መልስ 8ን የጻፈው ሰው ከዚህ በኋላ አልታየም።

መልስ 10። አዳማ ምህንድስና የሚያስተምር ወንድም የጭሱንና የሙቀቱን እንቆቅልሽ በሒሳብ ፈታው። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ካርቡራቶር አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው መጠን አይቀንስም። አየሩ በ21 ከመቶ ሲሳሳ ድብልቁ በ12 ከመቶ ግድም ነዳጅ ይበዛበታል። ጥቁሩ ጭስና የካንዴላው ጥላሸት ከዚህ ነው የሚመጣው። የነዳጁን መጠን የምትወስነው ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን፣ ጄቷ ናት። ላይዋ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ የኔዋ 125 ናት፣ 1.25 ሚሊ ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ከፍታ የሚስማማት 117.5 ግድም ነው። ነገር ግን በዚህች ጄት አዋሽ ብወርድ፣ እዚያ ከፍታው ከ1000 ሜትር በታች ስለሆነ፣ 122 ያህል የሚፈልገው ሞተር ነዳጅ ይጎድልበታል። ነዳጅ የጎደለው ሞተር ይሞቃል፤ ቀድሞ የሚጎዳውም ያው 3ኛው ነው። ስለዚህ ሁለት ጄት ይዤ አዳማ ላይ እንድቀይር፣ ወደ ጭሮ ስወጣ ደግሞ እንድመልስ ሐሳብ አቀረበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደሱ ሒሳብ ከሆነ የኔዋ መኪና አሁን ባለችው 125 አዋሽ ላይ ነዳጅ አይጎድልባትም፤ እንዲያውም ትንሽ ይተርፋታል። ስለዚህ መተሐራ ላይ የሚያሞቃት ካርቡራቶሩ ሳይሆን የጠፋው ጎማና ላሜራ ነው ማለት ነው። ጋሼ ሳያዩ የተናገሩት።

መልስ 11። አንድ ሰው ይህን ሲያነብ ፀጉሩ እንደቆመ ጻፈ። ጄቷ ያለችው ነዳጅ ከሚጠራቀምበት ቋት ጎን ካለው ብሎን ኋላ ነው፤ ብሎኑ ሲፈታ በቋቱ ያለው ቤንዚን ይፈሳል፣ የሚፈሰውም በጋለ ሞተር ላይ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ነው። የስንት ቮልስ መጨረሻ እሳት እንደሆነ አስታወሰን። ከሱም ሌላ የቤንዚኑ ቱቦ የሚሰካባት የነሐስ ቧንቧ ካርቡራቶሩ ላይ በግፊት ብቻ የገባች ስለሆነች፣ ዘመን ሲበላት በንቅናቄ ትወጣለች። ጎትቼ እንድፈትሻት፣ ጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ እንድቀይር፣ እሳት ማጥፊያውንም ከፊት ሻንጣ ሥር ሳይሆን እጄ በሚደርስበት እንዳስር መከረ። ፈተሽኳት። በጣቴ ስይዛት ትዞራለች።

መልስ 12። ጋሼ በሁለት መስመር ዘጉት፦ አንድ 120 ጄት ለመንገዱ ሁሉ። አስተማሪው አስልቶ አረጋገጠላቸው፤ በ120 አዲስ አበባ ላይ በአራት ከመቶ ግድም ነዳጅ ይበዛል፣ አዋሽ ላይ በዚያው ያህል ይጎድላል። ሁለቱንም ሞተሩ ይችለዋል። ቧንቧዋን ደግሞ አውጥተው ጥርስ አበጅተው እንደሚመልሷት ቃል ገቡ።

መልስ 13። አንድ ሐረሬ መጣ። ቀድሞውንም ለዚህ መንገድ የተፈጠረችው ፔጆ 404 ስለሆነች ቮልስ ይዞ ሐረር መግባት ድፍረት መሆኑን ነገረን። በሐረር ታክሲ ሆነው የኖሩት ፔጆዎች ሞተራቸው ስንቴ ወርዶ ስንቴ እንደወጣ የሚቆጥር የለም፤ ዛሬም ከፈረስ መጋላ ይነሳሉ። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊም ከፔጆ በቀር ያሸነፈው የድሮ መኪና እንደሌለ አስረግጦ ጻፈ።

መልስ 14። ናይሮቢ የሚኖር አንድ ወንድም ለእርማት ገባ። ሳፋሪው የተጀመረው በ1953 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዟ ንግሥት የዘውድ በዓል መታሰቢያ ሆኖ ነው፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገድ ላይ። ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፋለች፤ ያውም 1200ዋ፣ ከኔዋ ያነሰ ጉልበት ያላት። በ1965 ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ያሸነፈው በቮልቮ ነው። ዳትሰን፣ ፎርድ፣ ሚትሱቢሺ ተከትለዋል። ዋናው ነጥቡ ግን ይህ ነበር፦ በ1963 ከተነሱት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ፣ በ1968 ከ93ቱ አሁንም 7 ብቻ። በዚያ ራሊ መጨረስ ራሱ ማሸነፍ ነበር፤ ስለዚህ እኔም ስለ ፈረስ ጉልበት ማሰቡን ትቼ ስለ መጨረስ እንዳስብ መከረኝ።

መልስ 15። ሐረሬው አንዲት መስመር ብቻ መለሰ፦ በሁለቱም ዓመት ከሰባቱ አንደኛ የወጣችው ምን መኪና እንደሆነች ይነገረን። 404 ናት። የናይሮቢው ሰው ባርኔጣውን አነሳ፤ እኔም ብሆን እጄን አወጣሁ።

መልስ 16። ከዚያ የሚቆጠቁጠው መጣ። ስሙን ማንም የማያውቀው አንድ ተሳታፊ መንገዱ የኛ መጫወቻ እንዳልሆነ፣ በዚያ መስመር ልጅ ውሃ ቀድቶ እንደሚሻገር፣ ከብትና ግመል እንደሚነዳ፣ ገበያ ቀን ሰው አስፋልቱ ላይ እንደሚውል ጻፈ። ሰዓት እያዩ መንዳት ማለት ሰውን አለማየት ነው የሚል ነው ክሱ። የገዛ ዘመዱ በመኪና ተገጭቶ እንደነበርም ጠቀሰ።

መልስ 17። ለዚህ የተሰጠው መልስ አሳፋሪ ስለሆነ አልዘረዝረውም። ሰውየውን እዚህ ምን አመጣህ የሚል ዓይነት ነው።

መልስ 18። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ አንድ ትልቅ ሰው ሁለቱንም አስታረቀ። 45 አማካይ ፍጥነት ከማንኛውም አውቶቡስ ያነሰ መሆኑን ለ16 አስረዳ፤ ለኛ ደግሞ አማካይ ማለት ዳገት ላይ የጠፋውን ቁልቁለት ላይ ማካካስ ስለሚሆን አደጋው እዚያ እንዳለ ነገረን። ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጡ መውረድ አይሆንም፤ በወጡበት ማርሽ መውረድ ነው። የቮልስ ኋላ ጎማ ደግሞ ጥምዝ ላይ እግር ከነዳጁ በድንገት ሲነሳ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከጥምዙ በፊት አቀዝቅዞ፣ ውስጡ ቀስ እያሉ መስጠት ይሻላል። በ6 ቮልት መብራት ማታ መንዳት ጨርሶ አይታሰብም። ከአወዳይ የሚነሱት የጫት መኪኖች መንገዱን እንደሚጠቀልሉትና ለነሱ መስመር ለቆ መቆም እንጂ መጋፋት እንደሌለ አሳሰበ።

የ16 ነገር ከንክኖናል። ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረን በከተማና በመንደር ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ ሁሉ ከሰዓት ቆጠራው አውጥተናል። እዚያ የፈለገውን ያህል ይፈጅ።

መልስ 19። ሹፌሩ ጉዞው ከታኅሣሥ 19 ጋር እንዳይጋጭ፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ መንገዱ በተሳላሚ እንደሚሞላ ጨመረና ክሩ ለጊዜው ወደ ስለት ሄደ። ስለ ጃንጥላ፣ በእግር ስለሚወጡ ሰዎች፣ አንዲት እናትም ልጃቸውን እንዴት እንዳገኙ። ደስ የሚል ንባብ ነው፤ ለመኪና ግን አይጠቅምም።

መልስ 20። አንዱ ደግሞ ይህን ቆርቆሮ ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና እንድገዛ መከረ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የግል መኪና እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ሁላችንም ወደዚያው እንደምንሄድ ነገረን። መልስ 21 የመለሰለት በፌዝ ነው፦ የኤሌክትሪኳ መኪና ባትሪዋ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ዳገት ላይ ሲያልቅ በቮልስ ትጎተታለች ብሎ። ስለ ታክስና ስለ ባትሪ ዋጋ የተነሳው ጭቅጭቅ ረጅም ነበር። ለሱ ሌላ ክር ክፈቱ።

መልስ 22። ሽቱትጋርት የሚኖር ወንድም ወደ ጉዳዩ መለሰን። በጀርመን የሰዓት ራሊ ብዙ ጊዜ ነድቷል። አስገራሚው ነገር ለዚህ ጨዋታ ቮልስ አንድ የተፈጥሮ ጸጋ እንዳላት ነው፦ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ገመድ የሚዞረው በግራ ፊት ጎማ ነው። የሚገፋው ኋላው ስለሆነ ጎማ በጠጠር ላይ ቢሽከረከርም ቆጠራው አይዛባም። ቢሆንም የጎማ ልክ ከተቀየረ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ስለዚህ ራሊው ላይ በሚታሰረው ጎማና በሚሞላው ነፋስ፣ ርቀቱ በሚታወቅ መንገድ ላይ አስቀድሞ መለካትና ልዩነቱን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ሰዓት ያዡ በሰንጠረዥ ይሥራ፤ በ45 አንድ ኪሎ ሜትር 80 ሰከንድ ነው፣ በ48 ደግሞ 75። እነዚህ የሚከፋፈሉ ቁጥሮች ስለሆኑ ፍጥነቱን ስንመርጥ እንዲህ ያሉትን እንምረጥ።

ሞተሩንም በተመለከተ፦ በዓለም አቀፉ የአሮጌ መኪናዎች ፌዴሬሽን፣ በፊቫ መስፈርት፣ 30 ዓመት የሞላትና በቀድሞ ይዞታዋ የተጠበቀች መኪና ናት ታሪካዊ የምትባለው። በጀርመንም ለ30 ዓመት መኪና የሚሰጠው የተለየ ታርጋ ይህንኑ ይጠይቃል። የፋብሪካ ሞተሯን ይዛ የኖረች የ1966 ቮልስ ያለ በቂ ምክንያት ሞተር እንዳይቀየርላት አጥብቆ ለመነኝ። ቢያንስ የወረደውን አትሽጠው አለ።

መልስ 23። የመልስ 3 ወጣት ትንሽ ተቀይሞ ተመለሰ። እኛ ጀርመን እንዳልሆንን፣ ታርጋው አዲስ አበባ ላይ ምንም እንደማይፈይድ፣ ዳገቱ ግን እንዳለ መሆኑን። ዳገቱን በተመለከተ አልተሳሳተም። እኔ ግን ወስኛለሁ፦ 1300ዋ ትሄዳለች፣ ለዳገቱ ክፍሎች ዝቅ ያለ አማካይ ፍጥነት እንዲወሰን ጠይቄ ጓደኞቼ ተስማምተዋል። ባለ ፊያት 124ቱ ሲያጉረመርም ነበር፤ እሱ ዳገት ስለማይፈራ ነው።

መልስ 24። ጋሼ ስለ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ)። ይህን ክፍል አትዝለሉት። በቮልስ ላይ አንዷ ቺንጋ ዲናሞውንም ፋኑንም ታዞራለች፤ ከተበጠሰች ማቀዝቀዣ የለም ማለት ነው። ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ እስከ ጥላው ድረስ ብሎ ነገር የለም፣ እዚያው ይቆማል። ስትቀየር፦ የዲናሞው ፑሌ ፊት ባለው ቆራጣ ውስጥ ጠንካራ ካቻቢቴ አስገብቶ በዲናሞው ብሎን ላይ ማስደገፍ፣ ከዚያ ዳዶውን በ21 ቁልፍ መፍታት። ፑሌው ለሁለት ይከፈላል። በመካከሉ ያሉት ስስ ቀለበቶች ናቸው ውጥረቱን የሚወስኑት፤ ቺንጋዋ ከላላች ከመካከል አንድ ቀለበት አውጥቶ ከፊት ማድረግ፣ ከጠበቀች መመለስ። ሲጨርሱ በአውራ ጣት መሐሏን ሲጫኗት አንድ ሳንቲ ተኩል ያህል መግባት አለባት። ቀለበት መጣል አይፈቀድም፤ የተረፈው ከዳዶው ሥር ይቀመጣል። በጭለማ ዓይን ሳይጠቀሙ መሥራት እስኪቻል ቤት ውስጥ ይለማመዱ አሉ፣ እኔንም ሰዓት ያዤንም።

መልስ 25። ወደ 12 ቮልት ልቀይር ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ጋሼ ለዚህ ጉዞ አያስፈልግም አሉ፤ ማታ አትነዳም፣ ቀን ደግሞ 6 ቮልቷ ትበቃለች። አንድ ሌላ ሰው ግን እሱ ሲቀይር ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ ቦቢናውን፣ አምፖሎቹንና የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር እንደቀየረ፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ግን ባለ 6ቱን እንደተወውና እስካሁን በ12 ያለ ችግር እንደሚያስነሳለት ጻፈ። የሚደነቅ ነገር ነው፤ ቁልፉን ግን ረጅም አለመያዝ ነው።

መልስ 26። አሁን የቀረው ይህ ነው። የሞተር ዙሪያ ጎማውን የቨርጂኒያዋ እህት ገዝታ ለዘመድ ልካለች። የጠፋውን ላሜራ የቀኙን እንደ ናሙና ሰጥቼ ላሜራ ሠሪ እየቆረጠልኝ ነው። 120 ጄት ግን ሶማሌ ተራ ዞሬ አጣሁ፤ ያለኝ 125 እና አንድ 115 ብቻ ነው። ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ እገዛዋለሁ።

መልስ 27። ጋሼ፦ 115ቷን ቅዳሜ ከሰዓት ይዘህ ና፣ የካርቡራቶር መርፌ ቁፋሮ አለኝ፣ ወደ 120 እናሰፋታለን ሲሉ መለሱ። መቶ ሃያ አምስቷን እንዳልነካት፣ እሷ መጠባበቂያ እንደምትሆንም አሳሰቡ።

መልስ 28። ሐረሬው፦ ስንደርስ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀን፣ መጎተቻ ገመድም ከፔጆው ኋላ እንዳለ አሳወቀ።